አስካለ ስትለብስ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የደብረ ብርሃን ዝናብ መጀመሪያ ብርዱን ይልካል፣ ቀጥሎ ነፋሱን፤ ውሃው የሚመጣው ሰው ሁሉ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው። አስፋልቱ ዳር ካለ የሞባይል መሸጫ በረንዳ ሥር ገባሁ። ከአጠገቤ አንድ የገጠር አባት ጥቁር በርኖስ ደርበው ቆመዋል። በርኖሱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ያ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲሞላው ግድግዳውን ተደገፍኩ። "ምነው እህቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አሉኝ ሰውየው። "ኧረ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ነው" አልኳቸው። ብርዱ አልነበረም። አስካለ መጀመሪያ ቀን ወደ ግቢያችን ስትገባ እንዲህ ነበር የምትሸተው።

ያኔ ሁለታችንም ገና ሃያዎቹን እየጀመርን ነው። እኔ የመኪና ጽሕፈት ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬአለሁ፤ ከሥላሴ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አከራያችን አጠገቤ ያለውን ክፍል ለአንዲት ልጅ ሲያሳዩ ደረስኩ። ልጅቷ ከአንኮበር በጭነት መኪና ላይ፣ ከገብስ ጆንያ በላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው፤ ዝናብ ደብድቧታል። በደረበችው የአባቷ በርኖስ ውስጥ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀጥራል ሲባል ሰምታ ነው። "አስካለ እባላለሁ" አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ወገቡ ላይ ትንሽ ቢገባ ያምርብሽ ነበር።" ሰላምታ እንኳን በወጉ አልተለዋወጥንም። ተናደድኩ። ማታውን ግን መስታወት ፊት ቆሜ ወገቤን በእጄ ይዤ ሳየው ልክ ነበረች።

ፋብሪካው ቀጠራት። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ከሚያስተካክሉት ሴቶች ጋር መደቧት። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ አካባቢ አንድ እሁድ ከሰዓት በሯን ከፍቼ ስገባ የአባቷ በርኖስ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። እሷ በመቀስ እየቆረጠችው ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኩ፤ ጮህኩ ማለት ይቀላል።

"ልብስ እየሠራሁ ነዋ።"

"ይሄ እኮ ልብስ ነው!"

"ይሄ የአባቴ ልብስ ነው ዘኔ። እኔ የራሴን ነው የምሠራው።"

በዚያ ዘመን በርኖስ የወንድ ክብር ነው። አንኮበር ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳን ብርዱን ፈርቶ ገደል ለገደል ፀሐይ ተከትሎ በሚውልበት አገር፣ አባት ለልጁ በርኖሱን ሲሰጥ ቆዳውን ገፎ እንደሰጣት ነው። አስካለ ከዚያ በርኖስ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ከጉልበት ከፍ የሚል፣ ደረቱ ላይ በሁለት ረድፍ ቁልፍ የሚቆለፍ ካፖርት አወጣች። ገበሩን ከፋብሪካው በወጣ ቀይ ቁርጥራጭ ሠራችው። ስትሄድ ቀዩ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ይጠፋል። ለብሳው ስትወጣ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ካርታቸውን ትተው ቆሙላት።

ያን ሰሞን አባቷ አባባ ወልዴ ገብስ ሊሸጡ በገበያ ቀን መጡ። እኛ ልንወጣ በሩ ላይ ስንደርስ እሳቸው ሊገቡ ደረሱ። አስካለ ካፖርቱን ለብሳለች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ ወልዴ ቆመው አዩዋት።

"ይሄ የእኔ በርኖስ አይደለም እንዴ?" አሉ።

"ነው አባባ።"

"እስቲ ዙሪ።"

ዞረች። "ደግመሽ ዙሪ" አሉ። ደግማ ዞረች። ሻካራ ጣታቸውን በትከሻዋ ስፌት ላይ አስሄዱት፤ ጠርዙን ገልብጠው ቀዩን ገበር አዩ። ከዚያ ቀና ብለው "ኪስ የለውም" አሉ።

"ረስቼው ነው አባባ።"

"ብርድ አገር ኪስ የሌለው ልብስ ምን ያደርጋል? እጅሽን የት ልትከቺው ነው?"

በቃ፣ ያሉት ይኸው ነው። በሳምንቱ ሁለት ሰፋፊ ኪስ ገባለት። እሳቸው ግን ያን ክረምት በጋቢ ብቻ እንደከረሙ የሰማነው በኋላ፣ ከእናቷ ነው።

ያ በር ዛሬ የለም። ግቢውም የለም። ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ላይ ጫማና ቦርሳ ይሸጣል። ከፊቱ ባጃጆች ተሰልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ ተሳፋሪ ይጣራሉ። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ እግሬ ቀስ ይላል። እኛ ልጆች ሳለን እሁድ ከሰዓት በኋላ የዚህ ከተማ ሥራው አንድ ነበር፤ ለብሶ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር መሄድ፣ ዞሮ መመለስ። ጥሩ ተትረን ጨርቅ ሜትሩ ሦስት ብር ከስሙኒ ይሸጥ ነበር። ወንዶቹ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ያደርጋሉ፤ ጠጉራቸውን አበጥረው አፍሮ ያቆሙና ነፋስ እንዳያጎብጠው በእጃቸው ደግፈው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ታኮ ጫማ አድርገን አስፋልቱ ዳር ያለውን የኮረኮንች ድንጋይ እየመረጥን እንረግጣለን። ከአንዱ ቡና ቤት ሸክላ ይዘፍናል፤ ስናልፍ ድምፁ ይከተለንና ቀጣዩ ቡና ቤት ጋ ሌላ ዘፈን ይቀበለናል። አስካለ በሁለቱ መካከል፣ ሁለቱም ዘፈን በሚሰማበት ቦታ ላይ መቆም ትወድ ነበር። ወር ሳይሞላ ከተማው ውስጥ እሷ የለበሰችውን የሚመስል ይታያል። ያኔ እሷ ያንን ትታ ሌላ ጀምራለች።

ባሏን ጌታሁንን ያገኘችውም በልብስ ነው። የደሴ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ ሲያስለጥፍ በፊቱ አለፈች። "እመቤት፣ ሁለተኛው ቁልፍሽ ከሌሎቹ አይመሳሰልም" አላት። ከወንድ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። በሚቀጥለው ጉዞው ከደሴ አንድ ካርቶን ቁልፍ አመጣላት። ጣርማ በር በጭጋግ ሲዘጋ ደብረ ሲና ላይ ያድራል፤ እዚያ ከመንገድ ዳር ነጋዴዎች ዚፕ፣ ዳንቴል፣ የሐር ክር ያገኝና በመሪው ጎን ሸጉጦ ያመጣል። ሌላ ሾፌር ለሚስቱ ቅቤና ማር ሲጭን የእሱ ጋቢና ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሰላማዊት የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ።

ደግሞ ሁሉም ሰው ካኪ የለበሰበት ዘመን መጣ። ስለ እሱ ብዙ መናገር አልፈልግም። መንገዱ ሁሉ አንድ ቀለም ሆነ፣ ዘፈኑ ቀነሰ፣ እሁድ የሚኬድበት አስፋልት ለሰልፍ ሆነ። አስካለም እንደ ሁላችንም ካኪዋን ለበሰች። ግን ከአንገትጌው በታች፣ ሲታጠፍ በማይታይበት በኩል፣ በቀይ ክር አንዲት ትንሽ አበባ ጠልፋ ነበር። "ማን ያይልሻል?" አልኳት። "ማንም እንዲያየው አይደለም" አለችኝ። የእኔም ላይ ጠለፈችልኝ። ስንት ስብሰባ ላይ ያቺን አበባ በጣቴ እየዳበስኩ ተቀምጬአለሁ።

ዓመታቱ እንዴት እንደሄዱ አላውቅም። ልጆች አደጉ፣ ጡረታ ወጣን፣ እኔ ባሌን ቀበርኩ፣ ጥቂት ቆይታ እሷም ጌታሁንን ቀበረች። እኔ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁሉ ተውኩት። አመድማ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ክፍት ጫማ፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል? እሷ ጥቁሯን ዓመት ሙሉ ለበሰች። ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ ጥቁሩን ሁሉ ፈትታ ከልባሽ ጨርቅ ተራ በገዛችው ሰማያዊ ቬሉት እየቀላቀለች እንደገና ሰፋችው። የዕድራችን ሴቶች አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሊመክሯት ሞከሩ። "አስካለ፣ እንግዲህ የእኛ ዕድሜ ለንስሐ ነው" አለቻት አንዷ። አስካለ ነጠላዋን አስተካከለችና "የንስሐ አባቴን ጠይቄአለሁ፤ ቀለም አልከለከሉኝም" አለቻት። ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ሳቅን።

ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው እንዲያውም ይበልጥ የባሰባት። የፋብሪካ ቁርጥራጭ እየለቀመች ሰደርያ ትሠራለች፤ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ቢጫ፣ ጀርባው ላይ የአንኮበርን ተራራ የሚመስል ጥልፍ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መንገድ ላይ አስቁመው ፎቶ ያነሷታል። "እማማ፣ የት ነው የገዙት?" ትላለች አንዷ። "እማማ አትበይኝ፤ አስካለ በይኝ" ትላታለች። ልጅቷ ትደነግጥና "እሺ፣ እትዬ አስካለ" ትላለች። "እሺ፣ እሱ ይሻላል።" ስትሠራ ግን አትቸኩልም። ጨርቁን አልጋው ላይ ትዘረጋና ቀናት ትተወዋለች፤ እሷ ከጎኑ ባለችው ጠባብ ቦታ ትተኛለች። "ምነው፣ አትቀጅውም?" ስላት "ገና አልመጣልኝም" ትላለች። እኔን ደግሞ በመጣሁ ቁጥር ታየኝና "ምን ሆነሽ ነው አመድ የመሰልሽው?" ትለኛለች።

አልመጣልኝም እያለች ረጅም ጊዜ ያስቀመጠችው አንድ ጨርቅ ነበር። ጌታሁን በመጨረሻው የደሴ ጉዞው ያመጣላት ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ ነው። ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመት ተኛ። ያለፈው ዓመት፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ደውላ "ዘኔ፣ መጣልኝ፤ ነይና እይ" አለችኝ። ሄጄ አየሁ። በኖራ ምልክት አድርጋ ቀዳዋለች። ረጅም ካፖርት ነው። አንገቱ ከፍ ብሎ በአንድ ጎን ይዞራል፤ ጀርባው ላይ እንደ ውሃ የሚወርድ እጥፋት አለው። በእጇ እየያዘች አሳየችኝ፤ ዓይኖቿ እንደዚያች በገብስ ጆንያ ላይ ተጭና እንደመጣችው ልጅ ዓይኖች ነበሩ። "ለገና እለብሰዋለሁ" አለችኝ።

ገና ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት ወተት ይዤላት ስሄድ በሩ ከውስጥ አልተቀረቀረም። የስፌት መኪናዋ ሥር ወድቃለች። አንዱ የካፖርቱ እጅጌ ተሰፍቶ የሌላው ጨርቅ መርፌው ላይ እንደተያዘ ነው። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታየኛለች። "አስካለ! አስኩ!" እላለሁ፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። ላነሳት ሞከርኩ። እኔ ራሴ ቁርጥማት ጣቶቼን ያጠመመብኝ አሮጊት ነኝ፤ ስንዝር እንኳን ከፍ ላደርጋት አልቻልኩም። ወጥቼ መጮህ ብቻ ነበር የቀረኝ። ጎረቤት መጣ፣ በባጃጅ አድርገን ሆስፒታል ወሰድናት። የደም ግፊት ነው፣ ቀኝ ጎኗን መትቷታል አሉን። ቀኝ እጇን።

ሰላማዊት ከአዲስ አበባ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ወር ሙሉ እናቷን አገላብጣለች፣ አጥባለች፣ በማንኪያ አጉርሳለች። ከሆስፒታል ወደ ቤት ስንመልሳት ሰላማዊት ሰፋፊ፣ ለማጥለቅም ለማጠብም የሚቀል ቢጃማ ገዝታ መጣች። ሮዝ ነው፤ ደረቱ ላይ የድመት ሥዕል አለበት። አስካለ ድመቷን ቁልቁል አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታዘዝላት፤ ያ ግማሹ ግን በቂ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ሰላማዊት መቀስ አንስታ ጠጉሯን ልትቆርጠው ነው። አስካለ ያን ሽበቷን በሂና ታቀላውና በሁለት ጎን ጎንጉና ከኋላ ታስረው ነበር።

"ተይ ልጄ፣ እሱንስ ተይላት" አልኳት።

"እትዬ ዘነበች፣ እኔም አልወደድኩትም እኮ" አለችኝ፤ ዕንባዋ መጥቷል። "ግን ማን ይጎነጉንላታል? እርስዎ እጅዎ አይችልም። እኔ ነገ ተነገ ወዲያ መሄዴ ነው። የምቀጥርላት ሠራተኛ ለማጠቡ ራሱ ይቸግራታል።"

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። አስካለ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፤ ጠጉሯ በጭኗ ላይ ሲወርድ በግራ እጇ ጫፉን ይዛ እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።

ሰላማዊት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሠራተኛ ቀጠረችላት፤ እኔም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ከጎኗ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን በግራ እጇ ወደ ስፌት መኪናው አመለከተችኝ። ካፖርቱን ነው። አምጥቼ ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ያልተሰፋውን እጅጌ ያዘችና ወደ እኔ ገፋችው። "እኔ?" አልኳት። "እኔ እኮ ቁልፍ እንኳን ተክዬ አላውቅም፤ ዕድሜ ልኬን አንቺ ነሽ የተከልሽልኝ!" አሁንም ገፋችው። መነጽሬን አድርጌ መርፌ ያዝኩ። ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት ብቻ የከሰዓቱ ፀሐይ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተጓዘ። እጅጌውን እንደምንም ሰፋሁት። ስንገለብጠው ገበሩ ውጪ፣ ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። አስካለ አየችው፤ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ በአንድ ጎን ወጣ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳያት ግን እያለቀሰች ነው፤ ሳቁ መቼ ወደዚያ እንደዞረ አላየሁም።

በማግስቱ ካፖርቱን ይዤ ገበያ መሀል ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ሥራ የሚያውቅ ትሑት ሰው ነው። ሁሉን ነገር አስረዳሁት፤ ማለቴ እኔ የገባኝን ያህል። ከቀናት በኋላ አምጥቼ ሳሳያት ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ አብረቅርቋል። ግን ያ ወደ ጎን የሚዞረው አንገት የለም፤ ሰውየው አስተካክሎ መሀል አድርጎታል። የጀርባው እጥፋትም የለም፤ ትርፍ ጨርቅ መስሎት ውስጡ ሰፍቶታል። ሱቅ ውስጥ የሚሰቀል ንጹሕ የአሮጊት ካፖርት ሆኗል። አስካለ በግራ እጇ ዳሰሰችው፣ አንድ ጊዜ ገለበጠችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስጠራት አልዞረችም። ሠራተኛዋ "እትዬ፣ አያምርም እንዴ?" አለችኝ። ካፖርቱን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ምላጭ አስመጣች። በግራ እጇ፣ ጨርቁን በጉልበቷና በአገጯ ይዛ፣ ሰውየው የሰፋውን መተርተር ጀመረች። ፈራሁ፣ ትቆረጣለች ብዬ። ተቆረጠችም፤ ጣቷን በጨርቅ አሰርኩላት፣ ቀጠለች። እኔ የወጡትን ክሮች እለቅማለሁ። መናገር ትንሽ ትንሽ እየተመለሰላት ነበር፤ አንድ ቃል ለማውጣት ፊቷ ሁሉ ይለፋል። የሞተ እጇ የሚገባበትን ቀኙን እጅጌ ከትከሻው ስትፈታ "ቁ... ቁረጪ" አለችኝ። "ምኑን?" እጅጌውን ያዘችና ወዲያ ወረወረችው። ያ እጅ እጅጌ ውስጥ አይገባም፤ ማንም ሊያስገባላት ሲሞክር ያማታል። በእጅጌው ፈንታ ትርፉን ጨርቅ ከትከሻው ላይ ወርውራ እጇ ላይ ጋረደችው፤ "እዚህ" አለችኝ። በመርፌ ያዝኩት። ጠማማ ነው፣ አንዱ ጎን ይረዝማል። ደግሜ ላስተካክለው ስል ሰላማዊት መኪና ይዛ መጣች።

ሠራተኛዋ ሥራ ለቅቃለች፣ ሌላ አልተገኘም፣ ሰላማዊት በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ መመላለስ አልቻለችም። "ከእኔ ጋር ትሁን" አለች። ትክክል ናት። እኔ ምን ላቀርብ እችላለሁ? የእኔን ቤት? እኔ ራሴ ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ ነው የምይዘው። ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ አስካለ ካፖርቱን ካልለበስኩ ብላ አመለከተች። ሰላማዊት ጠማማውን ስፌት፣ የተንጠለጠለውን ክር አየች። "እማዬ፣ ሌላ ልብስ እኮ አለሽ፤ ሰው ምን ይላል?" አለቻት። አስካለ አንድ ቃል ፈልጋ አጣች፤ ሁለተኛ ፈለገች፤ ከዚያ ቆመች፣ ማለቴ በእኔ ላይ ተደግፋ ቆመች። ሰላማዊት ዓይኗን ጠረገችና "እሺ፣ እሺ እማዬ" ብላ ከቢጃማው በላይ ደረበችላት። ድመቷ ተሸፈነች። መኪናው ውስጥ ስትገባ የጋረደችው ጨርቅ በበሩ ተያዘ፤ ከፍተው አስገቡላት። የእኔን እጅ ይዛ ነበር፤ መኪናው ሲነሳ ጣቶቿ ከጣቶቼ አንድ በአንድ ወጡ። ቤቷን እኔ ነኝ የቆለፍኩት።

ሰላማዊት የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ መውረድ አትችልም፣ እኔ መውጣት አልችልም። አንድ ጊዜ ልጄ ወስዶኝ በየደረጃው እያረፍኩ ወጥቻለሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ወደ ታች የሚያልፈውን ሰው ታያለች፤ አንዲት ሴት ክብ ኮፍያ አድርጋ ስታልፍ በግራ እጇ አሳየችኝና አፍንጫዋን ሸበሸበች። ስመለስ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት አስተኛኝ። ሌላ ጉዞ አልሞከርኩም። አሁን በስልክ ነው የምንገናኘው፤ ሰላማዊት እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውልና ስልኩን እናቷ ፊት ትይዝልናለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጥያቄ ነበራት። ደህና ነሽ ወይ አትልም። "ምን... ለ...በስሽ?" ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ያን አሮጌ ሹራቤን ለብሼ ነበር፤ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና እለብሳለሁ፤ ድሮ የሰፋችልኝን ከየሣጥኑ እያወጣሁ። ልጆቼ እብደት ሳይመስላቸው አይቀርም። ጥርት አድርጌ ለብሼ፣ ጫማ ሳይቀር አድርጌ፣ ማንም በሌለበት ቤት ስልክ ፊት እቀመጣለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥያቄው ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ ሳይመታት አልቀረም ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ብዙውን ጊዜ ትተኛለች። ሰላማዊት "እማዬ፣ እትዬ ዘነበች ናት እኮ፣ ዘኔ ናት" ትላታለች። አስካለ ታየኛለች፤ እንደ ሰው ታየኛለች፣ እንደ እኔ ግን አይደለም። ስለ ዝናቡ እነግራታለሁ፤ ከተማው ምን እንደሚለብስ እነግራታለሁ። ሰላማዊት ከስልኩ ኋላ አፍንጫዋን ስትስብ እሰማለሁ።

በዝናቡ ቀን ማግስት እሁድ ነበር። አንገትጌ ያለውን ግራጫ ቀሚስ ለብሼ ጠበቅሁ። ስልኩ ጮኸ። ትራሶች መሀል ተቀምጣለች፤ ነጭ ጠጉሯ ትንሽ አድጓል። "አስኩ" አልኳት። "አስካለዬ፣ እኔ ነኝ።" ስሜን አልጠራችም፤ ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ግን ከፊቴ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ግንባሯ ትንሽ ተቋጠረ። ሰላማዊት "ደክሟታል፣ ሌላ ቀን ይሻላል" እያለች ስልኩን ልትወስድ ስትል አስካለ ግራ እጇን አነሳች። ቀስ ብላ ወደ ስልኩ አመጣችው፤ ጣቶቿ ስክሪኑን ሞሉት፤ በመስታወቱ ላይ አንድ ነገር ይዛ ወደ ጎን ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ደግማ ትጎትታለች።

"ምን እየፈለገች ነው?" አለች ሰላማዊት።

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። በግራ በኩል አንገትጌዬ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አወጣሁት፣ አቃናሁት። እጇ ወረደ።